ሂጂና ታረቂ

ፖሊስን መውቀስ ቀላል ነው። ወቃሹ ብዙ ነው፤ እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ከራሴ ልጀምር።

በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት፣ ሥራዬ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር፣ ሀብቴ መጻሕፍትና አንድ የሽቦ አልጋ። በእኔና በጎረቤቶቼ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃና ጋዜጣ ነው። ሲያስነጥሱ «ይማርህ» እንባባላለን፤ ከወዲህና ከወዲያ ሆነን። ታዲያ ከጎኔ ያለው ሰውዬ ሚስቱን ሲመታ እንደማልሰማ መሆን ቀላል አልነበረም። ግን ይቻላል። ግቢው ዘዴ ነበረው፦ ጩኸቱ ሲጀምር የሁላችንም ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ይላል። ማንም ማንንም ሳያማክር። እኔም ከፍ አደርግ ነበር።

አንድ የክረምት ሌሊት ሴትየዋ በሬን በመዳፏ መታችው። ከፈትኩ። አንድ ዓይኗ ተከድኗል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ እግሯ ባዶ ነው። አከራያችን እትዬ ነጠላቸውን ጣል አደረጉላትና «በል አንተ የተማርክ ነህ፤ ውሰዳት» አሉኝ። ወሰድኳት። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ተረኛው ፖሊስ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ተዘርግቷል። ስታይ ደነገጠ፤ እስክሪብቶውን አነሳ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ክፉ አልነበረም።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ባለቤቴ ነው።»

እስክሪብቶው ተመልሶ መዝገቡ ላይ ተጋደመ። ይህን እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንዲት ቃል ነች ያጋደመችው።

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ እሱን ብናስረው ማን ያበላቸዋል? ነገ አንቺው ራስሽ መጥተሽ ፍቱልኝ ልትዪ! ሂጂና ታረቂ። ሽማግሌ የለም ሰፈራችሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ መምህር ነኝ አላልክም? የተማረ ሰው እያለ ይሄ እዚህ ድረስ ይመጣል? አስታርቃቸው እንጂ!»

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ደስ አለኝ። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ መባሌ ደስ አለኝ። በመጪው እሑድ ቡና ተፈላ፣ እትዬና ሁለት የሰፈር አዛውንት ተጠሩ፣ ባልየው ጉልበታችንን ስሞ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ። እኔ በዚያ ዘመን በምኮራበት አማርኛዬ የእርቁን ውል በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። ፈረምን። ወደ ክፍሌ ስገባ አንድ ትዳር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሴትየዋ በኋላ እመለሳለሁ።

ለብዙ ዓመታት የከነከነኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ያ ፖሊስ ምን አደረገ? ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ምንም» ነው። አልመታም፣ አልሰደበም፣ ጉቦ አልጠየቀም። ምንም ያላደረገን ሰው በምን እንጠይቀዋለን? ጠበቆች ለዚህ አጭር መልስ አላቸው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ወንጀልን ሲተረጉም ሕግ የከለከለውን ማድረግ ብቻ ሳይሆን ሕግ ያዘዘውን አለማድረግም ወንጀል ነው ይላል። ሕጉ እንዲህ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው? ለእኔ አላለቀም። እኛ አበሾች «አላደረገም» የሚባለውን ጥፋት ከልባችን እንደ ጥፋት አንቆጥረውም። የሰረቀውን ሌባ እንለዋለን፤ ሲሰረቅ ያየውን ግን «ሰው ነገር ውስጥ የማይገባ፣ ጨዋ ሰው» እንለዋለን።

ለዚህ ነው ያንን ሌሊት ደግሜ ደጋግሜ የማስበው። ሴትየዋ ወደ ጣቢያው ከመሄዷ በፊት የነበራት ሁኔታና ከሄደች በኋላ የነበራት ሁኔታ አንድ ነበር? ፖሊሱ በእውነት ምንም ካላደረገ አንድ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ባልየው ቢያንስ አንድ የማያውቀው ነገር ነበር፤ ፖሊስ ጋ ብትሄድ ምን ይመጣል የሚለው። ያች ጥርጣሬ ትንሽ ብትሆንም አጥር ነበረች። ስትመለስ አጥሩ ፈርሷል። አሁን ያውቃል። ሄዳለች፤ ማንም አልመጣም። ገበናውን ደግሞ አውጥታበታለች። ፖሊሱ በ«ሂጂና ታረቂ» የሰጣት ነገር ለእሷ ባዶ እጅ ነበር፤ ለባልየው ግን እንደ ፈቃድ ወረቀት ነበር፤ ማኅተም ብቻ የጎደለው። «ምንም አላደረገም» የምንለው ስናየው ከእሷ በኩል ስላልቆምን ነው።

እንግዲህ «አንተስ? ሬዲዮህን ከፍ ያደረግከውስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ራሴን አላድንም። ግን ሁለቱ ዝምታዎች አንድ ዓይነት አይመስሉኝም። ድሮ በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገድ አላፊው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳ እጅ ይወርድ ነበር። ያለው ሰው ሹም መሆን አልነበረበትም፤ ሕጉ በማንም አፍ ውስጥ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው በሙሉ ለአፈርሳታ ይቀመጣል፤ አውቆ የደበቀ ከወንጀለኛው አይሻልም። እየናፈቅኩ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሥርዓት ለበሬ ሌባ እንጂ ሚስቱን ለሚመታ ባል እንዳልተዘረጋ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ የሚስቱን አካሄድ እንዲመራ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር፤ ይህ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ልል የፈለግኩት ሌላ ነው። ዘመናዊው መንግሥት ሲመጣ «በሕግ አምላክ»ን ከአፋችን ወስዶ ለአንድ ደመወዝተኛ ሰጠው፤ ዱላውንም፣ ካቴናውንም፣ መዝገቡንም። እኔ ጎረቤቴን ብይዘው፣ ባስረው እጠየቃለሁ። እሱ ግን እንዲይዝ ነው የተቀጠረው። የሁላችንንም ሥልጣን ጠቅልሎ የያዘ ሰው ዝም ሲል የሁላችንንም ዝምታ ጠቅልሎ ነው ዝም የሚለው።

የፖሊስንም ወገን ሰምቻለሁ። ካስተማርኳቸው አንዱ ወደ ፖሊስነት ገብቶ ነበርና ስንገናኝ እከራከረዋለሁ። «መምህር» ይለኛል፣ «እርስዎ አንዲት ሴት ነው ያዩት። እኔ ግን ሌሊት ስንት ኪሎ ሜትር ሄጄ ባሏን ይዤ፣ ቃል ተቀብዬ፣ ጠዋት አልቅሳ ስታስፈታው አይቻለሁ። ከዚያ ሁለቱም እኔን ይረግሙኛል። ሦስት ሆነን ነው ጣቢያ የምናድረው። ምን ላድርግ?»

ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። ሕጉም ራሱ ያግዘዋል፤ ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተጎጂው አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ አቤቱታዋን ካነሳች ፖሊሱ እጁ ላይ የሚቀረው ነገር የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ የባሰ ነገር ነግሮናል። በአንዳንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ነበሩ፤ ወንዶቹ ግን 28። (ወንዶቹ ተሽለው ነው ወይስ ለጠያቂ ምን እንደሚባል አውቀው? እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።) ቡታጅራ ላይ የተጠናውና የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ደግሞ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች ከመቶ 71 ያህሉ በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳየ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ያደገ ፖሊስ ከየት አምጥቶ ሌላ ሰው ይሁን?

መልሴ ከቱርክ የመጣ ነው። ዲያርባክር ውስጥ አንዲት ሴትና እናቷ በልጅቷ ባል ለዓመታት ተደበደቡ። ስንት ጊዜ አመለከቱ፤ ስንት ጊዜ አቤቱታቸውን አነሱ። አንድ ጊዜ ሚስቱን ሰባት ቦታ በቢላ ወጋት፤ የገንዘብ መቀጮ ከፍሎ ወጣ። በ2002 እ.ኤ.አ. እናትየዋን ተኩሶ ገደላት። ልጅቷ መንግሥቷን ከስሳ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ተፈረደላት። የቱርክ መንግሥት ያቀረበው መከላከያ የተማሪዬ መከላከያ ነበር ማለት ይቻላል፤ «አቤቱታቸውን ራሳቸው አነሱ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ መግባት አልቻልንም።» ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ወንጀሉ ከባድ ሲሆን፣ ጥቃቱም ሲደጋገም፣ ተጎጂዋ አቤቱታዋን ብታነሳም ባለሥልጣናቱ ጉዳዩን መቀጠል አለመቀጠሉን በራሳቸው መመዘን ነበረባቸው፤ ለምን እንዳነሳችም መጠየቅ ነበረባቸው አለ።

ለምን አነሳች! ቀላል ጥያቄ ነበር። ተማሪዬም ሆነ የእኛ ተረኛ ፖሊስ አቤቱታ መነሳቱን የነገሩ መጨረሻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ዘራፊ የዘረፈውን ሰው አስፈራርቶ ክሱን ቢያስነሳ ያው ፖሊስ ሁለተኛ ወንጀል ተፈጸመ ይላል። ሚስት ስትሆን ግን «ታረቁ» ይባላል። ያስታረቃት ረሃብ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን ማን ጠየቀ?

እንዲህ ስል ውጭ አገር ሁሉ ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት ባሏ እንዳይደርስባት የፍርድ ቤት ትእዛዝ በእጇ ይዛ፣ ሦስት ሴት ልጆቿን እንደወሰደባት ለፖሊስ ደጋግማ ደወለች፤ ጣቢያውም ድረስ ሄደች። ጠብቂ አሏት። ሌሊቱ ሳይነጋ ሦስቱም ተገድለው ተገኙ። በ2005 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰባት ለሁለት፣ እናትየዋ ትእዛዙ እንዲፈጸምላት ፖሊስን በሕገ መንግሥቱ መሠረት የምትጠይቅበት መብት የላትም ብሎ ወሰነ። ፖሊስ የማመዛዘን ነጻነት ያስፈልገዋል ተባለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አገሪቱ ጥፋተኛ ናት ቢልም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አልሻረውም። የማመዛዘን ነጻነት እንደሚያስፈልግ አልክድም። ግን ማመዛዘን ማለት ሚዛን ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ነው። ምንም ሳያስቀምጡ ሚዛኑን ጥግ ማስደገፍ ማመዛዘን አይባልም።

እኛም ቤት ጥያቄው ተጠይቋል፤ የጠየቁትም ዋጋ ከፍለዋል። ሴትየዋን ወደ ጣቢያ በወሰድኩበት በዚያው ሰሞን ነው። አንዲት ሴት የሚደርስባትን ጥቃት ደጋግማ ብታመለክት ሰሚ አጣች ብሎ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የፍትሕ አካላትን በአደባባይ ተቸ። በ1993 ማብቂያ፣ 1994 መግቢያ ላይ ማኅበሩ «ከተፈቀደልህ ሥራ ውጭ ወጣህ» ተብሎ በፍትሕ ሚኒስቴር ታገደ፤ እገዳው የተነሳው ከሳምንታት በኋላ፣ ብዙ ከተጮኸ ወዲያ ነው። ማኅበሩን በዚያን ጊዜ ትመራ የነበረችው መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ጊዜ ደጉ። በመካከሉ ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከውጭ ከመቶ አሥር በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለና ማኅበሩን ዳግመኛ አሽመደመደው። አዋጁ እስኪሻር አሥር ዓመት ገደማ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በየጣቢያው ስንት እስክሪብቶ እንደተጋደመ የሚቆጥር አልነበረም።

ሌላም አለ። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። እዚህ ላይ ፖሊስ ደረሰ፤ አስጣላት፤ ሰውዬውንም ያዘው። ከዚያ በዋስ ተለቀቀና ዳግመኛ ጠለፋት፤ የጋብቻ ውል አስፈረማት። ዋስ የሚለውን ቃል አስቡት። ለሰውዬው እንዳይጠፋ ዋስ ተጠራ። ለልጅቷ ዳግመኛ እንዳይነካት ዋስ የጠራላት አልነበረም። ተፈርዶበት የነበረው እስራትም በይግባኝ ተሽሮ ተለቀቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ልጅቷን ባለመጠበቁና አጥፊዎቹን ባለመቅጣቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ኃላፊ ነው ብሎ 150 ሺህ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ያኔ ልጅቷ ልጅ መሆኗ ካበቃ ቆይቷል።

«እንዲህ ያለ ነገር ለማግኘት የግድ ባንጁል መሄድ አለብን?» ለሚል፣ የለብንም። ያው ባልን አለቃ ያደረገው የ1952ቱ ሕግ 2126ኛው አንቀጹ ላይ፣ በጥፋቱ ሰውን የጎዳ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ካሣ ይከፍላል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል ይላል። ግሩም አንቀጽ ነው። በእኔ ግቢ ግን የሚያውቀው አልነበረም። እኔ የተማርኩት እንኳ ያነበብኩት ካለፈ በኋላ ነው።

ቢያውቁትስ? ለመጠየቅ መጀመሪያ መሄድሽ መመዝገብ አለበት። ሁሉ ነገር እዚያ መዝገብ ላይ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። ፖሊሱ እያንዳንዱን ባል ይሰር አላልኩም። ይጻፍ ነው ያልኩት። ስሟን፣ ሰዓቱን፣ ምን አለች፣ ምን አደረግኩ። ቁጥሩንም ቆርጦ ይስጣት። ተጠያቂ የሚለውን ቃል ስንሰማ ሰንሰለት ይታየናል፤ አማርኛው ግን የሚጠየቅ ነው የሚለው። የታመመ ይጠየቃል፣ ሐዘንተኛ ይጠየቃል። ፖሊስም «ባለፈው ሰኔ የመጣችው ሴት ምን ሆነች?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ይኑረው። አለቃውም ይጠየቅ፤ እንዲያውም ከሁሉ በፊት እሱ። ወጣቱ ተረኛ የሚያደርገው አለቃው ሲቆጣ ያየውንና ሲስቅ ያየውን ነው። እሷን መዝግቦ ባልን ሲጠራ የሚመሰገንበት ጣቢያ ውስጥ ቢሆን፣ ያ ሰው፣ ክፉ አይደለም ብያለሁ፣ እስክሪብቶውን ባላጋደመ ነበር።

እኛ ግን የምናውቀው ከጅቡ በኋላ የሚጮኸውን ውሻ ነው። የግቢያችን ሴት ከእርቁ በሦስተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ፣ የፈላ ዘይት ተደፋባት። ፊቷ ተረፈ፤ አንገቷና ቀኝ ክንዷ ግን ተቃጠለ። ያን ጊዜ ፖሊስ መጣ። በመኪና፣ በፍጥነት፣ አራት ሆነው፤ መጥበሻውን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱ። ሥራቸውን አሳምረው ሠሩ። ምርመራው ላይ «ከዚህ በፊት አመልክተሽ ታውቂያለሽ?» ተባለች። አዎ አለች። መዝገቡ ተገለበጠ። የለም።

እኔም ፍርድ ቤት ለምስክርነት ቀረብኩ። የባልየው ጠበቃ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣና ለችሎቱ አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነበር። «በመካከላችን የተፈጠረውን ጊዜያዊ አለመግባባት በቅን ልቦና አስወግደን፣ በፍቅርና በመተሳሰብ ለመኖር ተስማምተናል» ይላል። ጠበቃው በእነዚህ ባልና ሚስት መካከል የቆየ ጥላቻ እንዳልነበረ ይህ ያስረዳል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው ወይ ሲለኝ፣ የእኔ ነው አልኩ። «ጊዜያዊ አለመግባባት።» ያንን ሐረግ ስጽፍ ለአጻጻፉ ተጠንቅቄ ነበር። ፖሊሱ ያልጻፈውን እኔ ጽፌዋለሁ፤ አሳምሬ፣ ለተሳሳተው ወገን።

አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከችሎቱ ስንወጣ ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ዓቃቤ ሕጉ ያን ሌሊት ጣቢያ ስለነበረው ተረኛ ፖሊስ ጠይቋት ኖሯል።

«መምህር፣ ስሙ ማን ነበር? እርስዎ ጠይቀውት ነበር?»

አልጠየቅኩትም ነበር።